ከመዋጥ መጠየቅ ይቅደም

በሳሪስ አቦ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው ሠፈራችን አንድ ልጅ ወደ ሱቅ ሲላክ የሚቀበለው ትእዛዝ ከሞላ ጐደል የታወቀ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት ከተባለ በኋላ በመጨረሻው «ሁለት ፍሬ የራስ ምታት ኪኒንም ጨምርበት» ይባላል። ባለሱቁም ከሻማውና ከሻይ ቅጠሉ አጠገብ የተቀመጠውን ካርቶን ያወርድና ሁለት ፍሬ በመቀስ ቈርጦ ይሰጣል። የታመመው ማን እንደ ሆነ፣ ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ እህል ይቅመስ ወይስ ጾሙን ይዋል፣ ባለሱቁም አይጠይቅ፣ ልጁም አይናገር። ይህን መላላክ እኔም ስፍር ቊጥር ለሌለው ጊዜ ፈጽሜዋለሁ። ዛሬ ይህችን አጭር ጽሑፍ ለመጽሔታችን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ያ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ በገዛ ቤታችን ያደረሰው ጉዳት ነው።

የእናቴ ታላቅ እኅት ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ከሃያ ዓመት በላይ በፋብሪካ ውስጥ ቆማ የሠራች ሴት ስለ ሆነች ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው ዓመት ሕመሙ ሲጠናባት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ኪኒን አቀመሰቻት። እውነቱን ለመናገር ኪኒኑ ጠቅሟታል፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ እንደ ቀድሞው በግድግዳ እየተደገፈች መግባቷ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ መዋጥ ልማድ ሆነባት። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም በመሆኗ የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆድዋ በአንድ ጕንጭ ውሃ ታወርደው ጀመር። የጾሙ እኩሌታ ላይ ፊቷ ገረጣ፤ ጥቂት መንገድ ስትሄድ ልቧ ይመታ ነበር። ሰገራዋም እንደ ሬንጅ ጠቍሮ ነበር፤ እርስዋ ግን አፍራ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ማለዳ ከቧንቧው አጠገብ ራሷን ስታ ወደቀች።

ሐኪም ቤት ባደረስናት ጊዜ እኔ ከአልጋው ራስጌ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ «እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለው ጠየቋት። «ምንም የለም» ስትል መለሰች። ሐኪሙ ዓይኗንና ምላሷን ካዩ በኋላ ጥያቄውን ለወጥ አድርገው «ለራስ ምታት፣ ለጉልበት ብለው የሚውጡት ነገርስ የለም?» አሏት። እርስዋም «እሱማ ማስታገሻ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አለች። ይህን ቃል አልረሳውም። ጨጓራዋ ቈስሎ ከውስጥ ይደማ ኖሯል፤ ደም ተሰጥቷት በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች። አንድ ሳምንት ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ የኀዘን ጽሑፍ ይሆን ነበር።

ከክፍሉ ስንወጣ ደፈር ብዬ «ዶክተር፣ የጉልበት ኪኒን ጨጓራን የሚያቈስለው እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም «ጉልበቷን ያሳረፈው ሥራና ጨጓራዋን ያቈሰለው ሥራ አንድ ነው፤ ሁለት አይደለም። ጆን ቬን ስለሚባለው ሰው ፈልገህ አንብብ» አሉኝ። ፈልጌም አነበብሁ። አሳቤን ከመስጠቴ በፊት ያገኘሁትን ለአንባብያን ባጭሩ ልግለጽ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1763 ዓ.ም. በለንደን ለሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የአኻያን ዛፍ ልጣጭ አድርቆና ፈጭቶ በትኩሳት ለታመሙ ወደ 50 ለሚሆኑ ሰዎች እንደ ሰጠና እንደ ረዳቸው የሚገልጽ ነበር። አኻያ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በወንዝ ዳር የሚበቅል የታወቀ ዛፍ ነው። ኬሚስቶች ከጊዜ በኋላ የልጣጩን ኃይል የያዘውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር በባየር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ሆፍማን የዚህኑ ነገር የተሻሻለ ዓይነት ንጹሕ አድርጎ ሠራ። ይህም በ1899 ዓ.ም. አስፒሪን ተብሎ ስም ወጣለት፤ ወደ ዓለምም ሁሉ ተሠራጨ።

እንግዲህ የሚያስገርመው ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። የዓለም ሕዝብ አስፒሪንን ይውጣል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ ራስ ምታቱም ይተወዋል። ነገር ግን አስፒሪን በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሰው ልጅ በ1969 ዓ.ም. ጨረቃን በእግሩ ረግጦ ሲመለስ እንኳ ከትራሱ ሥር ያለው ኪኒን እንዴት ሕመምን እንደሚያስታግሥ ገና አላወቀም ነበር። አስፒሪን ከተሰየመበት ከ1899 ዓ.ም. አንሥቶ ይህ ምሥጢር እስከ ተገለጠበት እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ 72 ዓመት አለፈ። ለካስ ሳይጠይቅ የሚውጠው የሳሪስ ሰው ብቻ አልነበረም።

ምሥጢሩን የገለጠው ጆን ቬን በእንግሊዝ አገር በ1927 ዓ.ም. ተወለደ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለገና በዓል የኬሚስትሪ መሞከሪያ ዕቃ ሰጡት። እርሱም በእናቱ ማድ ቤት ሲሞክር አንድ ቀን ነገሩ ፈነዳና አዲስ የተቀባውን ሰማያዊ ግድግዳ አቈሸሸው። አባቱ ግን ልጁን ከሙከራው አልከለከለውም፤ በአትክልቱ ሥፍራ የእንጨት ጎጆ ሠራለትና «ከዚህ ሞክር» አለው እንጂ። ይህን ለወላጆቻችን በትሕትና አመለክታለሁ! ወጣቱ ቬን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ቢማርም ትምህርቱ ሰለቸው። ከዚያም ስለ መድኃኒቶች ጠባይና ሥራ የሚመረምረውን የፋርማኮሎጂን ትምህርት በኦክስፎርድ እንዲማር ዕድል ቀረበለት። ዕድሉን ወዲያው ተቀበለ፤ ከተቀበለ በኋላም ፋርማኮሎጂ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ታላቁ ሊቅ እንኳ የጀመረው ካለማወቅ ነው።

ቬን በለንደን በንጉሣዊው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሲሠራ ከሰውነት የሚመነጩትን ረቂቅ ነገሮች የሚያውቅበት ብልሃት ነበረው። ከእንስሳት የደም ሥርና ከጨጓራ የተቈረጡ ቅንጣት ሥጋዎችን በተርታ ያንጠለጥላል፤ የሚመረመረውንም ፈሳሽ ያንጠባጥብባቸዋል። አንዱ ቅንጣት ሲኰማተር ሌላው ሲፈታ በማየት በፈሳሹ ውስጥ ምን እንዳለ ይለያል። በ1969 ዓ.ም. ከፕሪሲላ ፓይፐር ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ በምትባለው ትንሽ እንስሳ ሳንባ ላይ ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሳንባው ሲቈጣ ከሚያወጣቸው ነገሮች አንዱን አስፒሪን አገደው። ከዚህ ተነሥቶ በ1971 ዓ.ም. አስፒሪንና ዘመዶቹ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ነገር ሰውነት እንዳይሠራው እንደሚከለክሉ አረጋገጠ። ውጤቱም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሦስት ጽሑፎች በአንድ ጊዜ ታተመ። በ1982 ዓ.ም. ጆን ቬን ከስዊድናውያኑ ከሱነ ቤርግስትሮምና ከቤንግት ሳሙኤልሶን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ከሦስቱ ጽሑፎች በአንደኛው ላይ ከቬን ስም ጋር የሠፈሩትን ሁለት ስሞች ማንበብ እኔን ይበልጥ አስደሰተኝ። ሰርጂዮ ፌሬራ የብራዚል ተወላጅ ነበር፤ ሳልቫዶር ሞንካዳም የሆንዱራስ ተወላጅ ነው። ሁለቱም ሀብታም ካልሆነ አገር ተነሥተው የሄዱ ወጣቶች ነበሩ። እንግዲህ ምርምር የእነ እገሌ ብቻ ነው የሚል ተማሪ በመካከላችን ካለ ይህን ያስታውስ።

ፕሮስታግላንዲን ምንድን ነው? የተረዳሁትን በምሳሌ ልናገር። በሠፈራችን ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ በሌሊት ተነሥቶ ይለፍፋል። እርሱ ሞቱን አላመጣውም፤ ሞቱን አስታወቀ እንጂ። የሰውነት ክፍል ሲቈስል ወይም ሲቈጣም ነገሩ ይህን ይመስላል። ከሕዋሳቱ ሽፋን አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ የስብ ዓይነት ይለቀቃል። ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የሚባል ኤንዛይም ይህን ተቀብሎ ወደ ፕሮስታግላንዲን መንገድ ይመራዋል። ፕሮስታግላንዲን ሥፍራው እንዲቀላና እንዲያብጥ ይረዳል፤ የሕመም ነርቮችንም ስለሚያነቃ ቀድሞ ያልተሰማን ትንሽ ነገር ሁሉ ያመን ጀመር። በአንጐልም ውስጥ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኤንዛይሙን ያግዱታል። ያን ጊዜ ጥሩንባው ዝም ይላል፤ የሞተው ግን አልተነሣም። የአክስቴ ጉልበት ዝም አለ እንጂ አልዳነም።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። ነገር ግን ያ ጥሩንባ ነፊ በሌላው ሰዓት የዘበኝነት ሥራ አለው። ጨጓራችን የሚያመነጨው አሲድ የራሱን ግድግዳ እንዳያቈስል ፕሮስታግላንዲን ይከላከልለታል፤ ልስላሴውን ያበዛል፤ ወደ ግድግዳው የሚመጣውንም ደም ይጠብቃል። በኵላሊትም ውስጥ፣ ይልቁንም በሽማግሌዎችና ውሃ ባነሳቸው ሰዎች ዘንድ፣ የደሙ መንገድ እንዳይጠብ ይረዳል። ከዚሁ ምንጭ የሚገኝ ትሮምቦክሳን የተባለ ዘመዱም ሰው ሲቈረጥ ደሙ እንዲረጋ ያደርጋል። ኪኒኑ ዓይን የለውምና በጉልበት ያለውን ለፍላፊ ዝም ሲያሰኝ በጨጓራ ያለውንም ዘበኛ ከሥራው ያስወግደዋል። አክስቴ በየማለዳው ባዶ ሆድዋን ዘበኛ የሌለው ቤት አድርጋው ኖሯል። ሐኪሙ «ሥራው አንድ ነው» ያሉኝ ይህን ለማለት ነበር።

ሊቃውንቱም ይህን ካወቁ በኋላ ጨጓራን የማይነካ ማስታገሻ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ኤንዛይሙ ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ ታወቀ፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያግዱ ኪኒኖችም ተሠሩ። ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሮፌኮክሲብ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለአንጐል የደም ሥር አደጋ ምክንያት ሆኖ ስለ ተገኘ በ2004 ዓ.ም. አምራቹ ከገበያ አነሣው። በሌላ በኩል አስፒሪን ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባዩ ታውቆ ሐኪሞች በትንሽ መጠን ለአንዳንድ የልብ ሕመምተኞች ያዙታል። አንዱን ሰው የሚያደማ ሥራ ሌላውን ሰው ያድነዋል ማለት ነው። መድኃኒትን ደግና ክፉ ብሎ በሁለት መክፈል እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

አክስቴ ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ጥየቃ የመጡት ጎረቤቶቻችን ያወሩት ነገር ለዚህ ጽሑፍ ሁለተኛ ምክንያት ሆነኝ። አንዲት እናት «የፈረንጅ ኪኒን እኮ ነው የጎዳት፤ እኛ ድሮ ሁሉንም በዳማከሴ ነበር የምንወጣው» አሉ። አያቴም በአሳቡ ተስማሙ። ከጐኔ የተቀመጠው ያጎቴ ልጅ ደግሞ «ቅጠል ምን ያደርጋል፤ ሳይንስ አይደለም» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። በበኩሌ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ፤ ሁለቱም ሳይጠይቁ ፈርደዋልና።

ዳማከሴን በሳሪስ የማያውቀው ሰው የለም። ምች የመታው ሰው ቅጠሉን በእጁ አሽቶ ያሸታል፤ ጭማቂውን ይቀባል፤ ከቡና ጋርም ይጠጣል። ይህን ልማድ ንቀው ያልተዉት፣ አምነውም ያልተቀበሉት ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር እያሱ መኰንን ከዶክተር አስፋው ደበላና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የዳማከሴንና የአንድ ዘመዱን ቅጠል መረመሩ። በውሃና በአልኮል ያወጡትን ጭማቂ ትኩሳት ላለባቸው አይጦች ሰጥተው ትኩሳትን የማብረድ ኃይል እንዳለው በ2003 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1990 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ድንገተኛ ሥር ጽፈዋል። ይህ ሥር ሰው በድንገት ሲታመም የሚታኘክ፣ ተክሉም በአገራችን ብቻ የሚበቅል ነው። ትኩሳትንና ሕመምን ስለማስታገሡ የጻፉት የመጀመሪያ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል።

እንግዲህ አያቴ ልማዱን አላበሉም፤ ያጎቴ ልጅ ተሳሳተ። ነገር ግን አያቴም ገና አልረቱም። አይጥ ሰው አይደለችም። ስንት ቅጠል ይበቃል? ስንት ቅጠል ይበዛል? ለነፍሰ ጡር ሴት ይስማማል? ሌላ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባስ ምን ያደርጋል? አስፒሪንም ከአኻያ ልጣጭ ዘር መውጣቱን አንርሳ። ከዛፍ የተገኘ ሁሉ ገር ቢሆን ኖሮ አስፒሪን የማንንም ጨጓራ ባላደማ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በባህል መድኃኒትና በዘመናዊ መድኃኒት መካከል መሆን የለበትም። ክርክሩ መሆን ያለበት ተጠይቆ በሚወሰድና ሳይጠየቅ በሚወሰድ መድኃኒት መካከል ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ለሀብታም የሚመች ምክር ነው» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። አክስቴ አንድ ቀን ከሥራ ብትቀር የዚያ ቀን ደመወዝ ይቀርባታል፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛ ስትውል ሌላ ቀን ይጠፋባታል። ኪኒኑ ግን ከደጃፏ በጥቂት ብር ይገኛል። ሕመም ይዞት እንጀራውን ለማብሰል የሚወጣ ሰው ማስታገሻ ቢውጥ የሚፈረድበት አይደለም፤ እኔም ማስታገሻ አይወሰድ አላልሁም። ሕመምን ማስታገሥ ራሱ ታላቅ ሥራ ነው። የምለው ድኻው ከሌላው ይልቅ ማወቅ ያስፈልገዋል ነው። ሀብታሙ ቢሳሳት ሐኪም አለው፤ ድኻው ግን ቢሳሳት ያለው የገዛ ጨጓራው ብቻ ነው። ጥያቄ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሐኪሙና ከንባቤ ያገኘሁትን፣ እያንዳንዱ ቤት ሊያውቀው ይገባል የምለውን፣ ከዚህ አኖራለሁ። አንደኛ፣ ሐኪም «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ማስታገሻም መድኃኒት ነውና መነገር አለበት፤ ዳማከሴውም ቢሆን ይነገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እንሰማለን፤ መድኃኒቱን የደበቀም በሽታው አይገኝለትም። ሁለተኛ፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ስለ ሆኑ አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ጉዳቱን ያበዛዋል። በባዶ ሆድ መውሰድም፣ ከጥቂት ቀን በላይ ያለ ሐኪም ምክር መቀጠልም አይገባም። ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የጨጓራና የኵላሊት ሕመምተኞች አስቀድመው መጠየቅ አለባቸው። ትኩሳት ለያዘው ልጅም ሐኪም ሳያዝ አስፒሪን አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቈረ ያ ማፈሪያ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ምልክት ነው።

ስለ ፓራሲታሞልም አንድ ነገር ልጨምር። በሱቅ ከሁሉ ይልቅ የሚሸጠው እርሱ ነው፤ ለጨጓራም ከእነዚያ ይሻላል። ነገር ግን ለጤነኛ ጐልማሳ በአንድ ቀን ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ጉበትን ያጠፋልና። መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈቀድለት። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ የሚሆን ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ፓራሲታሞል በዋናው ሥራውን የሚሠራው በአንጐልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ ሆነ ይታሰባል፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ በሙሉ አልተስማሙም። ይህን ያህል የታወቀ ኪኒን ይህን ያህል ሳይታወቅ መቅረቱ ለእኛ የተተወ የቤት ሥራ ይመስለኛል። ከመካከላችን አንዲት ወይም አንድ ተማሪ ይህን የቤት ሥራ ሠርታ ወይም ሠርቶ የሳሪስን ስም የማያስጠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ኤንዛይም ስንማር ምሳሌው ሁልጊዜ ምራቅና እንጀራ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ለሚገኘው ኪኒን ይሰጥልን። የኪኒኑን ስም እንድናነብ፣ መጠኑን እንድናሰላ፣ ከየትኛው ቤተ ሰብ እንደ ሆነ እንድንለይ እንማር። ወደ ሱቅ የምንላከው እኛ ተማሪዎች ነን፤ እቤት ውስጥ በካርቶኑ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ የሚያስረዳውም ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። አንድ ክፍል ተማሪ ይህን ቢማር የአንድ መንደር ሰው ተማረ ማለት ነው።

አክስቴ ዛሬ በሕይወት አለች። ጨጓራዋ ድኗል፤ ጉልበቷንም ሐኪም አይቶላት የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ማታ ማታ በሩን ይዛ ትሠራለች። ሕመሙ ፈጽሞ አልተወገደም፤ ሲጠናባት ግን ምን መውሰድ እንዳለባትና መቼ እንደሚያበቃ ታውቃለች። ባለፈው ወር ለክትትል አብሬአት ሄጄ ሳለ ነርሷ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትላት አክስቴ ከቦርሳዋ ትንሽ ወረቀት አወጣች። የዳማከሴው ሻይ ሳይቀር በእኔ እጅ ጽሑፍ ተመዝግቦ ነበር።

እኔም ወደ ሱቅ መላኬ አልቀረም። ትናንት ማታ እናቴ ስኳርና ሻማ ካዘዘችኝ በኋላ «ሁለት ፍሬ የራስ ምታት ኪኒንም ጨምርበት» አለችኝ። ከደጃፉ ተመልሼ «ለማን ነው? እህል ቀምሷል?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላም መለሰችልኝ። ውድ አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተም የምለምነው ይህችኑ ያህል ነው። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል፤ እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ከመዋጥ መጠየቅ ይቅደም እንበል።